የተገለበጠ ማርሽ

ሰፈሩ በሙሉ «አንደኛ» ነው የሚለው። እውነተኛ ስሙን የሚያውቁት ሚስቱና መታወቂያው ብቻ ናቸው ቢባል ማጋነን አይሆንም። የልብስ ስፌት መኪና ሊያሠሩ የሚመጡ ሴቶች እንኳን በሩ ላይ ቆመው «አንደኛ አለ?» ብለው ይጠይቃሉ። ሚስቱም ከመርፌዋ ቀና ሳትል «አንደኛስ አለ፤ ሁለተኛዋ ደግሞ እኔ ነኝ፤ ምን ልታዘዝ?» ትላቸዋለች።

ስሙ የወጣለት በሞተር ሳይክል ነው። ሃያ ሁለት ዓመት እስኪሞላው ድረስ፣ በተወዳደረበት ሁሉ የቀደመው ሰው አልነበረም። ሲታጠፍ ጉልበቱ መሬት ይልሳል፤ ከመታጠፊያው ሲወጣ ከኋላው የሚታየው አቧራው ብቻ ነው። ያዩት ሰዎች ዛሬም ሲያወሩ ዓይናቸው ይበራል። «ያ ልጅ እኮ አይነዳም፤ ይፈስሳል እንጂ!» ይላሉ። ከዚያ ሁሉም የተማከሩ ይመስል አንድ ቦታ ላይ ሲደርሱ ይተነፍሳሉ፤ «ወይኔ! ያ ካቴና ባይወልቅ ኖሮ!»

የሞተሩን ጎማ የሚያዞረው ካቴና የወለቀው በትልቁ ቀን ነው። የሚያሸንፈው ውጭ አገር ሄዶ ከባለሙያዎች ጋር የሚሠለጥንበት ውድድር ነበር። አንደኛ በአሥራ አንድ ሰከንድ እየመራ የመጨረሻውን ዙር ጀመረ፤ ከውሃ ታንከሩ ሥር ወዳለው መታጠፊያ ገባ፤ አልወጣም። ሰዎች ሮጠው ሲደርሱ ሞተሩ ጥግ ይዞ ቆሟል፤ ካቴናው ከጥርሱ ወልቆ ተንጠልጥሏል፤ እሱም እጁ እስከ ክርኑ በግራሶ ጠቁሮ አጠገቡ ቁጭ ብሏል። ምን ሆንክ ብሎ የጠየቀው የለም። በዓይን የሚታይ ነገር ምኑ ይጠየቃል?

የማይታየውን የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። ካቴናው አልወለቀም። አርባ ጊዜ ያለፈበት መታጠፊያ ለአርባ አንደኛ ጊዜ ፊቱ ድቅን ሲል፣ እጁ ነዳጁን ለቀቀው። ሳያዘው፣ በራሱ ጊዜ ለቀቀው። ሞተሩን ዳር አስያዘ፤ ካቴናውን አወለቀና ተቀመጠ። በቀጣዩ ዓመት ተመዝግቦ ሳይሄድ ቀረ፤ በሦስተኛው ዓመት አልተመዘገበም። ሰው ሁሉ ዕድሉን ረገመለት፤ እሱም አብሮ ረገመ። እነሆ ሃያ ሦስት ዓመት፤ አንድም ቀን ሞተር ላይ ወጥቶ አያውቅም።

ሞተሩን ግን ከቤት አላስወጣውም። ጓሮ ውስጥ፣ ሚስቱ ከምትሰፋው የተማሪ ዩኒፎርም በተረፈ ሰማያዊ ጨርቅ ተሸፍኖ ይኖራል። በወር አንድ ጊዜ ይገልጠዋል፤ ያስነሣዋል፤ ቆሞ የሚዞርበትን ሚኒሞ አስተካክሎ፣ ጆሮውን ዘንበል አድርጎ፣ ጉንፋን የያዘው ሕፃን ትንፋሽ እንደሚሰማ ሰው ያዳምጠዋል። ከዚያ ያጠፋዋል፤ ይሸፍነዋል። ሚስቱ በመስኮት ብቅ ትልና «ሌላዋ ሚስትህ እንዴት ዋለች?» ትለዋለች። «ትንሽ ያስላታል» ይላል እሱ።

ያለቻቸው አንዲት ሴት ልጅ ናት። አዋላጅ ነርስ ናት፤ ተመርቃ ዓመት ከመንፈቅ ሆኗታል፤ ከተመረቀች ወዲህ ግን አንድም ሕፃን በእጇ አልገባም። ሆስፒታሉ ቦታ የለኝም ብሎ ካርድ ክፍል አስቀምጧታል። ከጠዋት እስከ ማታ መደርደሪያ ለመደርደሪያ እየተንጠራራች የሰው ካርድ ትፈልጋለች። «እኔ የማዋልደው ፋይል ነው፤ ያውም መንታ መንታውን» እያለች ትቀልድ ነበር። ቀልዱ ከሳምንት ሳምንት እየቀጠነ ሄዶ፣ በቅርቡ እናቷ ስትስቅላት ራሷ መሳቅ አቁማለች።

አንድ ቀን ምሳ ላይ ወንበሯ ላይ ሳትቀመጥ «ቦታ ተገኘ!» አለች።

ከከተማው ራቅ ያለ ጤና ጣቢያ ቤት ለቤት የምትዞር አዋላጅ ፈልጓል። የምትዞርበትን ሞተር ሳይክል የሚሰጣት ጤና ጣቢያው ነው፤ መንጃ ፈቃዱን ግን ይዛ መሄድ አለባት። ፈተናው ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ዓርብ ነው። ካለፈች ሰኞ ሥራ ትጀምራለች። ከወደቀች ቀጣዩ ፈተና ከሦስት ወር በኋላ ነው፤ ቦታው እስከዚያ አይጠብቃትም።

«አንተ ታስተምረኛለህ፤ አይደል አባዬ?»

አንደኛ የጎረሰውን አላመጠ፤ ያላመጠውን ግን አልዋጠም። «ማሠልጠኛ ትምህርት ቤት አለ አይደል እንዴ?» አለ በመጨረሻ።

«ሰውዬው ደህና ነው?» አለች ሚስቱ ወደ ልጇ ዞራ። «ያን ሁሉ ዝና ታቅፎ ሃያ ዓመት ቁጭ ብሎ፣ ለልጁ ቆንጠር አድርጎ ቢሰጣት ያልቅበታል?»

በማግሥቱ ሰማያዊው ጨርቅ ተገፈፈ።

የሚለማመዱት ከእንጨት መሰንጠቂያው ጀርባ ባለው ባዶ ሜዳ ላይ ነበር። ልጅቷ ከሥራ ስትወጣ እሱ ሞተሩን እየገፋ ቀድሞ ይደርሳል፤ አይነዳውም፤ ይገፋዋል። «ለምን አትነዳውም?» ስትለው «ወገቤን» ይላል። «እስቲ አንድ ዙር ወጥተህ አሳየኝ» ስትለውም «ወገቤን አልኩሽ እኮ» ይላል። ወገቡ ምንም አልነበረም። ከኋላ ወንበሩን ይዞ ግን ያለ ወገብ ሕመም አብሯት ይሮጣል፤ ላቡ እስኪንጠፈጠፍ ይሮጣል።

«ፍሪሲዮን ያዢ! ማርሽ ወደ ላይ አንድ! ልቀቂ፣ ቀስ! ከዚያ ሁሉም ወደ ታች! ሁለት፣ ወደ ታች! ሦስት፣ ወደ ታች!»

በመጀመሪያው ሳምንት ስድስት ጊዜ ወደቀች። በሁለተኛው አንድ ጊዜ። በሦስተኛው ሳምንት ወንበሩን መያዝ ተወና ቆሞ አያት ጀመር። እግሯ ማርሹን ሳታየው ያገኘዋል። ስትታጠፍ ትከሻዋን ቀድማ ታስገባለች። ይህንን አላስተማራትም። ከየት አመጣችው? እያለ ብቻውን ፈገግ ሲል ይቆይና፣ ያ መታጠፊያ ትዝ ሲለው ደግሞ ጎንበስ ብሎ ጫማውን ያስራል።

ረቡዕ ዕለት፣ ፈተናው ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ዳቦ አዳዩ ጎረቤታቸው በሞተሩ ሜዳውን ሲያልፍ አያቸውና ገባ። ከሩቅ ጀምሮ ጡሩምባውን እያምባረቀ ስለሚመጣ «ጡሩምባ» ነው የሚባለው።

«ኧረ አንደኛ! ሁለተኛ አንደኛ ልታወጣ ነው? እኛ አንዱንም አልቻልነው!» አለ ከሞተሩ ሳይወርድ።

«ዞር በል፤ ዳቦህ ይደርቃል» አለው አንደኛ።

«ሸጬ ጨርሻለሁ ባክህ። ልጄ፣ ነይ እስቲ በእኔው ሞክሪ። መንገድ ትራንስፖርት የሚፈትኑበት ሞተር ቁርጥ የእኔን ነው፤ ወንድምና ወንድም ናቸው።»

ልጅቷ ሳቀችና ወጣች። «ጋሽ ጡሩምባ፣ ብሰብረውስ?»

«በአንደኛ ልጅ ከተሰበረ ሙዚየም ይገባል። ንጂው!»

በግራ እጇ ፍሪሲዮኑን ያዘች። የእግሯን ጣት ከማርሹ ሥር አስገብታ ወደ ላይ አነሣች። ለቀቀች። ሞተሩ እንደ ትኩሳተኛ ተንዘፈዘፈና ጠፋ። አስነሥታ ደገመች። አሁንም ጠፋ። በሦስተኛው እንደ ምንም ብላ በብዙ ነዳጅ አስነሣችው፤ ጥቂት ሄደችና ፍጥነት ልትጨምር ማርሹን ወደ ታች ረገጠች። ሞተሩ ጮኸ፤ የኋላው ጎማ አፈሩን ጫረ፤ ልጅቷ በመሪው ላይ ልትሻገር ትንሽ ቀራት።

ጡሩምባ እጁን አናቱ ላይ አደረገ። «ልጄ፣ ምነው ገለበጥሽው? አንደኛ ማርሽ ወደ ታች ነው እኮ! ሌላው ሁሉ ወደ ላይ!»

«አይደለም፤ አንድ ወደ ላይ፣ ሌላው ወደ ታች…» ብላ ጀመረችና ወደ አባቷ ዞረች። «አባዬ?»

አንደኛ ፊቱ ወረቀት መሰለ።

በዓለም ላይ ያለ ሞተር ሁሉ ማለት ይቻላል ጡሩምባ እንዳለው ነው። ተወዳዳሪዎች ግን ይገለብጡታል። ሞተሩ በግራ ጎኑ መሬት እስኪነካ ሲያዘነብል እግርን ከማርሹ ሥር አስገብቶ ማንሣት አይመችም፤ ከላይ ረገጥ ማድረግ ይቀላል። አንደኛም በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ በገዛ እጁ ገልብጦ ገጥሞታል። ረስቶት አይደለም። ከዚያ ወዲህ ለእሱ ሌላ ዓይነት ማርሽ ኖሮ አያውቅም፤ ትክክለኛው ያ ነበር። ልጁን ሦስት ሳምንት ሙሉ ላቡን እያፈሰሰ ያስተማራት፣ በምንም መንገድ ላይ የማይሠራ ነገር ነው።

«ምን ቸገረው፣ ሁለት ቀን አለ» አለ ጡሩምባ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ በቀስታ ድምፅ ነበር የተናገረው።

ልጅቷ አልጮኸችም። ሄልሜቷን አውልቃ መሬት ላይ ተቀመጠች። «እግሬ ተምሮ ጨርሷል እኮ» አለች። «አሁን እንዴት ብዬ ነው የማስረሳው?»

አንደኛ ያን ዕለት ማታ መፍቻውን ይዞ ጓሮ ተንበረከከ። ሥራው የአሥር ደቂቃ ነው፤ ከማርሹ ዘንግ ላይ ያለችውን አጭር ክንድ ነቅሎ፣ አዙሮ መግጠም። ቡሎኗ ግን ዝገት ይዟት እምቢ አለችው። ዘይት ጠብ አድርጎ ጠበቃት። ስትላቀቅ «ጭር» አለች፤ እሱም አብሯት ቃተተ። «ምነው እንዲህ ባላስለመድኩሽ ኖሮ» ሲል ልጅቷ ከኋላው ቆማ ሰማችው፤ ለእሷ ይሁን ለሞተሩ አልገባትም።

ሐሙስ ፈቃድ ወሰደች። ጠዋቱን ሜዳ ላይ አሳለፈች፤ ከሰዓት ዝናብ ሲመጣ ቤት ውስጥ ቀጠሉ። እናቷ ዘዴ አመጣች። ልጇን ሊጠገን በመጣ ባለ መርገጫ ስፌት መኪና ፊት አስቀመጠቻት፤ የግራ እግሯን ከታች ባለችው አግድም ብረት ላይ አስደረገቻት፤ ራሷ በማዶ ዩኒፎርሟን እየሰፋች የማርሽ ትዕዛዝ ትሰጥ ጀመር።

«አንደኛ!»

ልጅቷ ረገጠች።

«ሁለተኛ!»

አነሣች።

«ሦስተኛ!»

ረገጠች።

«ወለደች!» አለች እናቷ። «ያለ አንቺ ወለደች፣ መንገድ ላይ ቀረሽባት! ከመጀመሪያው ድገሚ።»

በዚያ ከሰዓት ዘጠኝ ሴቶች ያለ አዋላጅ ወለዱ። አንደኛ ጥግ ላይ ቁጭ ብሎ ሹራብ የበላ የስፌት መኪና ጥርስ እያጸዳ፣ በየመሐሉ ሳቁን ይውጣል። አሥረኛዋ ስትደርስ ልጅቷ እስከ አራተኛ ሳትሳሳት ሄደች፤ እናትየው ብድግ ብላ እልል አለች። ያን ጊዜ ሦስቱም ስቀው ስቀው፣ ሲያበቁ የነገው ፈተና ትዝ አላቸውና ማናቸውም የሌላውን ፊት አላዩም።

ዓርብ ጠዋት የፈተናው ግቢ አጥር ላይ ተለጥፎ የቆመው አንደኛ ብቻ አልነበረም፤ ግን እንደሱ ሽቦውን በሁለት እጁ የጨበጠ የለም። ተፈታኞቹ አምስት ናቸው። ፈታኟ ቀጭን ሴት ናት፤ ፊሽካ አንገቷ ላይ፣ መነጽር ፀጉሯ ላይ። በቀያዮቹ ኮኖች መሐል ስምንት ቁጥር መሥራት፤ ከዚያ በቀጥታው መስመር እስከ ሦስተኛ ማርሽ መድረስ፤ መቆሚያው ላይ መቆም። እያንዳንዱ ሁለት ሙከራ አለው፤ ሁለተኛው የሚሰጠው ሁሉም የመጀመሪያውን ከጨረሱ በኋላ ነው።

ልጅቷ በተራ ሁለተኛ ወጣች። ስምንት ቁጥሩን ሠራችው አይባልም፤ ጻፈችው። ፈታኟ መነጽሯን ከፀጉሯ አውርዳ አየቻት። ቀጥታው ላይ ወጣች፤ አንደኛ፣ ሁለተኛ… ወደ ሦስተኛ ስትሄድ እግሯ ወደ ታች ረገጠ። የሞተሩ ጩኸት ግቢውን ሞላው፤ የኋላው ጎማ ተንሸራተተ፤ ኮን ገጭታ ቆመች። ፊሽካ።

«ቀጣይ!»

ልጅቷ ወደ አጥሩ መጣች። ሄልሜቷን አላወለቀችም፤ የሚታየው ዓይኗ ብቻ ነው።

«እንሂድ» አለችው።

«አንድ ሙከራ ይቀርሻል እኮ።»

«አልፈልግም። እግሬ የእኔ አይደለም። ሳላዘው ነው የረገጠው።»

«ጥፋቱ የኔ ነው። እኔ ነኝ…»

«ጥፋተኛ ፈልግ አላልኩህም አባዬ! ፈርቻለሁ ነው የምልህ።» ድምፅዋ ሄልሜቱ ውስጥ ታፍኖ የትንሽ ልጅ መሰለ። «ለአንተ ይኼ አይገባህም። አንተ ምን ፈርተህ ታውቃለህ?»

አንደኛ ሽቦውን አጠበቀው። ሃያ ሦስት ዓመት ሰው ሁሉ ይህንን ሲለው «ተዉ እስቲ» እያለ አንገቱን ሲሰብር ኖሯል፤ ትሕትና መስሏቸው ይበልጥ ሲወዱት። ዛሬ ግን «ተይ እስቲ» ቢላት፣ ልጅቷ ሄልሜቷን አስረክባ ወደ ካርድ ክፍሏ ትመለሳለች።

«ካቴናው አልወለቀም» አላት።

«የቱ ካቴና?»

«የእኔ። ያ… ታንከሩ ጋ። እኔ ነኝ ከቆምኩ በኋላ ያወለቅኩት። በእጄ።»

ከኋላዋ አንድ ወፍራም ሰውዬ ኮን እየገጨ ይዞራል።

«ለምን?»

«ፈራኋ!» እንደ ተቆጣ ሰው ነበር ያመለጠው፤ አጠገቡ የቆሙት ዞሩ። ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እጄ ነዳጁን የለቀቀው ሳላዘው ነው፤ ልክ አሁን እንዳልሽው። ማንም አልገፋኝም፤ ምንም አልተሰበረ። ፈራሁ። መፍራቴ እንዳይታወቅብኝ ደግሞ ከዚያ የባሰ ፈራሁ።»

«እማዬ ታውቃለች?»

«ለማንም ተናግሬ አላውቅም። እናትሽም ጠይቃኝ አታውቅም።»

አንደኛ የሚላት ሌላ ነገር እንደሌለው ተሰማው፤ ከዚያ ደግሞ አንድ ነገር እንዳለው ትዝ አለው፤ የሥራ ነገር።

«ስሚኝማ። ያቻኮልኩሽ እኔ ነኝ። እኔ የማውቀው ማርሽ የሚቀየረው በዓይን ጥቅሻ ነው፤ ከኋላዬ ሰው ስላለ። እዚህ ከኋላሽ ማንም የለም። ፍሪሲዮኑን ያዢ፤ ያዢና ዝም ብለሽ ተንሳፈፊ። ወዴት ላድርግ ብለሽ አስቢ። ከዚያ አንሺ። አንድ ደቂቃ ቢፈጅም ማንም አይቀድምሽም።»

ፊሽካ ተነፋ። ልጅቷ ዞራ ሄደች። ስትሄድ ጀርባዋን አየ፤ ቀና ያለ ነው ወይስ የተቆጣ፣ መለየት አልቻለም።

ስምንት ቁጥሩን ደገመችው። ቀጥታው ላይ ወጣች። አንደኛ ማርሽ። ፍሪሲዮኑን ያዘች፤ ሞተሩ ድምፁ ወረደ፤ ጎማው ብቻ እየተንከባለለ ሄደ። ተንሳፈፈች። እግሯ ከማርሹ ሥር ገባ፤ አነሣች። ሁለተኛ። እንደገና ያዘች፤ እንደገና ተንሳፈፈች። የአሁኑ ረዘመ፤ ሞተሩ ሊቆም ደረሰ፤ ከተፈታኞቹ አንዱ «ተኛች እንዴ?» አለ። አነሣች። ሦስተኛ! ገባላት። መቆሚያው ላይ እንደ ተቀመጠ ሲኒ ቀጥ ብላ ቆመች።

ፈታኟ ወረቀቷ ላይ ስትጽፍ ራሷን ነቀነቀች። «በየማርሹ መሐል ሻይ ትጠጫለሽ እንዴ?» አለቻት። «ለነገሩ ፍጠኝ የሚል ደንብ የለም። አልፈሻል፤ ሂጂ።»

ከግቢው ሲወጡ ወረቀቱን አጣጥፋ ደረቷ ኪስ ውስጥ ከተተችው። ወደ ታክሲው ማቆሚያ አብረው መራመድ ጀመሩ። «እንኳን ደስ አለሽ» አላት፤ «እንኳን አብሮ» አለችው። የጎማ ቤቱን አለፉ፤ መስታወት ቆራጩን አለፉ። አንደኛ ከእርምጃዋ ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ ቀርቶ ይከተላታል።

«አልተቀየምኩህም ብዬ አልዋሽህም» አለች ድንገት።

«አይ… ልክ ነሽ።»

«ስድስተኛ ክፍል ድርሰት ጽፌበታለሁ እኮ! በዚያ ካቴና! ከአሥር ዘጠኝ ነው ያገኘሁት። መምህሯ ክፍል ፊት ስታነበው አልቅሳለች።»

«አንዱን ለምን ቀነሰችብሽ?»

«ለፊደል ግድፈት።» ሳቋ ሊያመልጣት ሲል ከንፈሯን ነከሰች። ጥቂት እንደሄዱ ቆመች። ታክሲው ከፊታቸው ሞልቶ ሲነሣ አላየችውም፤ ወይም አይታ ተወችው።

«በስንተኛ ማርሽ ነበር የገባኸው?» አለችው።

«ምኑን?»

«መታጠፊያውን ነዋ።»

ስለዚያ ካቴና መቶ ሰው አንደኛን አጽናንቶታል፤ ስለ መታጠፊያው ግን ጠይቆት የሚያውቅ የለም። «በአራተኛ» አለ።

«በአራተኛ?! እኔ ብሆን በሁለተኛ ነው የምገባው።»

«በሁለተኛ ከገባሽማ ጡሩምባም ይቀድምሻል፤ ዳቦውን እንደጫነ።»

አሁን ሳቀች። «እንዴት ያለ ነው? ወደ ቀኝ ነው ወደ ግራ?»

«ወደ ግራ። መሐሉ ላይ ተመልሶ ይጠብባል፤ ከሩቅ አይታይሽም። ከታንከሩ የሚንጠባጠብ ውሃ ደግሞ…» እጁን በአየር ላይ አጠፈ፤ አልበቃውም። ዙሪያውን ተመለከተ። ከመንገዱ ዳር ጠጠርና ደቃቅ አፈር የተደፋበት ቦታ ነበር፤ እዚያ ቁጢጥ አለና ከኪሱ ባወጣው የቤት ቁልፍ ጫፍ መሥመር አሰመረ። መሥመሩ ቀጥ ብሎ መጣ፤ ወደ ግራ ታጠፈ፤ ጠበበ። አንድ ጠጠር አንሥቶ ታንከሩን አስቀመጠ።

ልጅቷ አጠገቡ ቁጢጥ አለች። ቦርሳዋን ወደ ኋላ ወርውራ፣ ጣቷን መሥመሩ ላይ አኖረች።

«እዚህ ጋ ነው ነዳጁን የለቀቅከው?»

አንደኛ ጎንበስ ብሎ አየ። ጣቷን ያዘና ቀስ አድርጎ ወደ ኋላ ጎተተው።

«ትንሽ ቀደም ብሎ» አላት። «እዚህ።»